ፈረስ የሰጠን ደም፦ የመንጋጋ ቆልፍ ታሪክ ከቡሌ ደጋ

ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርደው መንገድ በገበያ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ በኮቴ ድምፅ ይነቃል። በጌዴኦ ምድር ያለው ቡሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ብርዳም ደጋ ነው። ዲላ ደግሞ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሞያሌ አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋች የቡና ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁልቁለት ገብስ፣ ቆጮ፣ ጎመንና ቀርከሃ ተሸክሞ የሚወርደው፣ ማታ ጨውና ሳሙና ጭኖ የሚወጣው ፈረስ ነው። አይሱዙ በሚደርስበት ቀበሌ እንኳ ከጓሮው እስከ መኪናው ያለው መንገድ የፈረሱ ድርሻ ነው።

እነዚህ ፈረሶች አብዛኞቹ የብረት ጫማ አያውቁም። ዝናብ ባጠበው ቀይ አፈር ውስጥ ደግሞ ሚስማር አለ፣ የጠርሙስ ስባሪ አለ፣ በሰያፍ የተቆረጠ የቀርከሃ ጉቶ አለ። ወደ ወይና ደጋው ሲወረድ ደግሞ የተጎነደለ ቡና ጉቶ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዚሁ መንገድ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ የቆመ ዳማ ፈረስ አየሁ። ከሩቅ ጤነኛ ይመስላል። ቀረብ ስል ግን አራት እግሮቹ እንደ በርጩማ እግር ተራርቀው ተተክለዋል። ጭራው ከሥሩ ተነሥቶ ደርቋል፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፣ አፍንጫው ተነፍቷል። ከዓይኑ ውስጠኛ ማዕዘን ነጣ ያለ ሽፋን ብቅ እያለ ግማሽ ብሌኑን ይጋርደዋል። በጥርሶቹ መካከል ያላላመጠው ሣር ተሰክቶ ለሃጩ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ሦስት ቀኑ ልጄ። ነፋስ መትቶት ነው።»

በዚህ መሀል አንዲት ልጅ ከምንጭ ያመጣችውን ጀሪካን መሬት ላይ ዱብ ስታደርገው ፈረሱ ከራሱ እስከ ጭራው ተንዘፈዘፈ፤ ለመውደቅም አንድ ሐሙስ ቀረው። ሽማግሌው እጃቸውን አንገቱ ላይ አድርገው በጌዴኦኛ በለሆሳስ አናገሩት። ሰኮናውን ምን ወግቶት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጉቶ ወግቶት እንደነበረ፣ ቁስሉ ግን ወዲያው እንደገጠመ ነገሩኝ። ክፋቱም እሱ ነበር። ላይ ላዩን የገጠመ ቁስል ከውስጥ አየር አጥቷል፤ ጀርሙ የሚፈልገው ደግሞ አየር የሌለበት ጉድጓድ ነው። ፈረሱ በአምስተኛው ቀን ሞተ።

በሽታው በአማርኛ መንጋጋ ቆልፍ ይባላል፤ በሐኪም ቤት ቴታነስ። አምጪው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ፣ በፈረስ አንጀት ውስጥ፣ በፋንድያውም ውስጥ ይኖራል። ፀሐይና ድርቅ ሲበዛበት በጠንካራ ቅርፊት ራሱን ሸፍኖ ዓመታት ይቆያል። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ሲያገኝ ይነቃና መርዝ ያመርታል። መርዙ በነርቭ ሐረግ ላይ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይወጣል፤ እዚያም ጡንቻ እንዲረግብ የሚያዝዘውን መልእክት ያፍናል። የሚያጠብቀው ትእዛዝ ብቻ ስለሚቀር ሰውነት ሁሉ እንደተወጠረ ይቀራል። ውሻና ድመት ይህን መርዝ በብዙ ይቋቋማሉ። ፈረስ ግን ከቤት እንስሳት ሁሉ ለመርዙ እጅግ ስስ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ከታመሙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። የተረፈውም ቢሆን ሳምንታት በጨለማና ጸጥ ባለ ጋጣ፣ በብዙ መድኃኒትና በብዙ ድካም ነው የሚድነው። በመርፌ ግን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ ከተቻለም መቶ ዓመት ሆኖታል።

የጌዴኦን ምድር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ለምን እዚህ እንደሚከብድ ይገባዋል። ጌዴኦ እንሰትን ከቡና፣ ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ሥር አድርጎ የሚያለማ ሕዝብ ነው፤ ይህ መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሕዝቡ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚኖር ግጦሽ ጥቂት ነው። ፈረሱ ቤት አጠገብ ታስሮ ይውላል፣ ፋንድያው በቀጥታ ለእንሰቱ ሥር ይሰጣል። እንሰትን ያለ ፍግ ማሰብ አይቻልም፤ ይህን ስል ፍግን መኮነኔ አይደለም፣ የዚያ አገር ጥጋብ የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው። ነገር ግን ያው ለም አፈር፣ ሰኮናው የተወጋ ፈረስ ሲቆምበት፣ የበሽታው መኖሪያም ነው። በዚህ ላይ ጭነት ልጦት ገጣባ የሆነ ጀርባ አለ፤ ባልታጠበ ቢላ የሚኮላሽ ድንጉላ አለ፤ ለሌላ ሕመም ተብሎ በጋለ ብረት የተተኮሰ ትከሻ አለ፤ ፍግ ላይ የተወለደች ውርንጭላ እትብት አለ። ሁሉም በር ናቸው።

ኢትዮጵያዊ ፈረስን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። መሪዎቻችንን እስከ ዛሬ በፈረስ ስማቸው እንጠራለን፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ዲላና አካባቢዋ ይገኙበት የነበረውን ሲዳሞን የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም በአባ ነፍሶነት ይታወቃሉ። በአገው ምድር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞች ተሰልፈው የዓድዋን ፈረሶች ይዘክራሉ። ከጌዴኦ ጎን ባሉት በጉጂና በሲዳማ ደጋዎችም ፈረስ ለክብርና ለለቅሶ የሚወጣ እንስሳ ነው። ስም የማውጣቱን ያህል ግን ስለ ሕመሙ አልጻፍንም። ሌላው ዓለም ቀደም ብሎ ጽፏል። ሂፖክራተስ የሰውን መንጋጋ ቆልፍ ገልጾታል፤ በሮም ግዛት ዘመን የነበሩ የፈረስ ሐኪሞች የደረቀውን አንገትና የተቆለፈውን መንጋጋ አሳምረው ያውቁ ነበር። መንሥኤውን ግን ማንም አላወቀም። እንደ ቡሌው ሽማግሌ ብርድና ነፋስን የከሰሱ ብዙ ናቸው።

ምስጢሩ የተገለጠው እኛ ዘንድ ክፉ ቀን በነገሠበት ዘመን ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን በሬ ጨርሶ፣ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ረኃብ አስከተለ። በእነዚያው ዓመታት አውሮፓ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አፈር እየዘገኑ ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በጣሊያን ቱሪን ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ሐኪሞች በመንጋጋ ቆልፍ ከሞተ ሰው ቁስል ወስደው በሽታውን ወደ ጥንቸል አስተላለፉ። በዚያው ዓመት በጀርመን አርቱር ኒኮላየር የአትክልት ቦታ አፈር በአይጥና በጥንቸል ቆዳ ሥር ሲያስገባ እንስሳቱ ደርቀው ሞቱ። አፈር ገዳይ ሊሆን እንደሚችል የታየው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ በርሊን በሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደባለቀውን ጀርም 80 ዲግሪ አሞቀው። ሌላው ሞተ፤ ቅርፊት የለበሰው ብቻ ተረፈ። የተረፈውን አየር በሌለበት ዕቃ አሳደገውና ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ለየው። በኅዳር 1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1890 መጨረሻ) ኪታሳቶና ኤሚል ፎን ቤሪንግ ታላቁን ዜና አወጡ፦ በመጠነኛ መርዝ የተለማመደ እንስሳ ደም ውስጥ መርዙን የሚያረክስ ነገር አለ፤ ያንን የደም ውሃ ለሌላ እንስሳ ቢሰጡት ይድናል።

ፈረስ በክትባት ታሪክ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ነው። ጥንቸል ደሟ ጥቂት ነው፤ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት ለማምረት ትልቅ እንስሳ ያስፈልግ ነበር። ፈረስ ገራም ነው፣ የአንገቱ ደም ሥር ወፍራም ነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ደም ሰጥቶ ያገግማል። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ኤሚል ሩ እ.ኤ.አ. በ1894 ከፈረስ ደም የተሠራ የጉሮሮ ዘጊ በሽታ (ዲፍቴሪያ) መድኃኒት ሕፃናትን እንደሚያድን ለዓለም ሲያስታውቅ በየአገሩ ጋጣዎች ተሠሩ። መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ለፈረሱ ይሰጡታል፣ ደሙ ይለማመዳል፣ ከአንገቱ ይቀዳል፣ ቀዩ ረግቶ የሚቀረው ቢጫ ውሃ፣ ሴረም የሚባለው፣ ተጣርቶ በብልቃጥ ይሞላል። የመንጋጋ ቆልፍ መድኃኒትም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከቤት እንስሳት መካከል ለዚህ መርዝ እጅግ ደካማ ከሆኑት አንዱ፣ መድኃኒቱን በደሙ ያበቀለልን እሱ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያ የቡሌ ዳማ ፈረስ ይታወሰኛል።

ከእነዚህ ፈረሶች የአንዱን ስም ታሪክ መዝግቦታል። ጂም ይባል ነበር፤ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወተት ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ለጉሮሮ ዘጊ በሽታ መድኃኒት ደም እንዲሰጥ የተመረጠ ፈረስ ነው። ሦስት ዓመት ያህል ደሙን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1901 መጸው ላይ ጂም ራሱ በመንጋጋ ቆልፍ ታመመና ተገደለ። ነገር ግን ሕመሙ ከመታወቁ በፊት የተቀዳው ደም ሳይመረመር በብልቃጥ ተሞልቶ ተሠራጭቶ ነበር፤ 13 ሕፃናት በዚያ መድኃኒት ሞቱ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1902 የሴረምና የክትባት አመራረትን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣው ይህ ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ በየክትባቱ ብልቃጥ ላይ የምናየው ቁጥርና የመፈተሻ ሥርዓት በከፊል ከዚያ ሐዘን የመጣ ነው። ጂምን አስቀድሞ የሚከላከልለት ክትባት ገና አልተሠራም ነበር።

በሽታውን ከፈረሱ ራሱ ላይ ለመከላከል ቀድመው የተነሡት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ ለሙያው ክብር ሲባል ስማቸው ሊነሣ ይገባል። ፈረንሳዊው ኤድሞን ኖካር እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሴረሙን በአገሩ ላሉ የእንስሳት ሐኪሞች አደለ። ሐኪሞቹም ሰኮናቸው ለተወጋ፣ ለሚኮላሹና ለሌላ ቀዶ ጥገና ለሚቀርቡ ፈረሶች ሰጡት። ሴረሙን በጊዜ ካገኙት እንስሳት አንድም አልታመመም፤ ሴረም ባላገኙት ዘንድ ግን በሽታው እንደወትሮው ቀጠለ። ሴረም ግን የተበደረ ጉልበት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። እንስሳው ራሱ ጉልበቱን እንዲያበጅ ያስቻለው ሌላው የእንስሳት ሐኪም ጋስቶን ራሞን ነው። ራሞን ከፓሪስ አጠገብ ጋርሽ በሚባል ቦታ፣ የፓስተር ኢንስቲትዩት ፈረሶች በሚኖሩበት ጋጣ ይሠራ ነበር። መርዙን ፎርማሊን ጨምሮበት ለብ ባለ ሙቀት ሳምንታት ሲያቆየው መርዝነቱ ይጠፋል፤ ሰውነትን የማስተማር ኃይሉ ግን ይቀራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1923 ለጉሮሮ ዘጊ በሽታ፣ ባልደረቦቹም ወዲያው ለመንጋጋ ቆልፍ አዋሉት። መርፌው ያረፈበት ቦታ ያበጠ ፈረስ ከሌሎቹ የበለጠ መከላከያ በደሙ እንደሚገኝ ያስተዋለውም እሱ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በክትባቱ ውስጥ እንደ ታፒዮካ ያለ ማባበያ ጨመረ፤ ዛሬ በብዙ ክትባቶች ውስጥ የሚገባው አጋዥ ቅመም መነሻው ያ እብጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይ ጦር ፈረሶቹን አስከተበ። የወታደሮቹ ተራ የመጣው ከፈረሶቹ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር በቁስልና በአደጋ ሆስፒታል ከገቡለት ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመንጋጋ ቆልፍ የታመሙት 12 ብቻ ነበሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የእንስሳት ክትባት ታሪካችን የሚያኮራ ነው። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት በፈረንሳይ ትብብር የተቋቋመው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል፣ ለዶሮና ለፈረስ ክትባት ያመርታል። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት ወረርሽኝ በዚህ ዓይነት ጥረት ተነቅሏል። ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፣ በአፋር ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሠራተኞች ሐኪም ወደማይደርስበት በረሃ ወስደውታል። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ ተባለች፤ በ2003 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ተገላገለ። መንገድ በሌለበት ቦታ መርፌ ማድረስ እንደማይቻል የሚነግሩኝን ሰዎች የማላምነው ለዚህ ነው።

ለፈረስ ከደብረ ዘይት የሚወጣው ክትባት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የተባለውን የሚከላከል ነው። ይህ በሽታ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፣ በክረምት መውጫ በቆላና በወይና ደጋ ይበረታል፤ ሲመጣ አንድን መንደር ባዶ ያደርጋል። ትኩረት ማግኘቱ ተገቢ ነው። መንጋጋ ቆልፍ ግን ከፈረስ ወደ ፈረስ አይተላለፍም። ዛሬ ቡሌ ላይ አንድ፣ በወሩ ገደብ ወረዳ ላይ አንድ እያለ ይገድላል። ወረርሽኝ ስለማይሆን ሪፖርት አይሆንም፤ ሪፖርት ስላልሆነ በዘመቻ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ነፋስ ነው ብሎ ይቀብረዋል። የጋማ ከብት ደግሞ ሥጋውም ወተቱም ለገበያ አይወጣም፤ ስለዚህ በእንስሳት ሀብት ወሬ ውስጥ በሬና ላም ሲጠቀሱ እሱ ይረሳል። አገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ እንዳላት፣ የአህያዋ ብዛትም በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት እንደሚመደብ ስናስታውስ፣ መረሳቱ ትልቅ ጥፋት ነው። የገጠሩ ጭነት በአመዛኙ የቆመው በእነዚህ ጀርባዎች ላይ ነው። እንደ ብሩክና ስፓና ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በጋሪ ፈረሶችና በአህዮች ላይ የሠሩት ሥራ መልካም ነው፤ ደጋ ላይ ጭነት የሚያመላልሰውን ፈረስ ሁሉ ግን እነሱ ብቻቸውን ሊደርሱበት አይችሉም።

በእናቶችና በጨቅላ ሕፃናት በኩል ግን ይህንኑ በሽታ አሸንፈነዋል። እናቶቻችን በየቤታቸው በሚወልዱበት ዘመን እትብቱ በምላጭ ወይም በቢላ ይቆረጥ ነበር። ሕፃኑ ሳምንት ሳይሞላው ጡት መጥባት ያቅተውና ደርቆ ይሞታል፤ ብዙ ቤት ይህን ሐዘን ያውቀዋል። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የክትባት ፕሮግራም፣ ኋላም በ1995 ዓ.ም. የመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ለእናቶች በየቀበሌያቸው ደረሱላቸው። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የሕብረተሰብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷ ተረጋገጠ። ዛሬ በጌዴኦ ያለች እናት ስለ መርፌው ብትጠየቅ ለምን እንደሆነ ትናገራለች። ይህ እውቀት ከእሷ ቤት እስከ ጋጣዋ ያለውን አሥር እርምጃ ቢሻገር ብዙ ነገር ይለወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ በደንብ መነገር አለበት። የተከተበች ሴት መከላከያዋን በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሷ ታሻግራለች፤ ሕፃኑ ተጠብቆ ይወለዳል። የባዝራ እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ውርንጭላዋ ባዶ እጇን ትወለዳለች፤ የእናቷን ጥበቃ የምታገኘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በምትጠባው እንገር ብቻ ነው። አንጀቷ ይህን መከላከያ ሳይፈጨው ወደ ደም የሚያስገባው ለአንድ ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ እንገርን ቆሻሻ ነው ብሎ ማፍሰስ፣ ወይም ውርንጭላን ሳትጠባ ማሳደር ክትባቱን መሬት ላይ እንደ መድፋት ነው። ለባዝራዋ መርፌው የሚሰጠው ከመውለዷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲቀራት ነው፤ በዚያን ጊዜ እንገሩ በመከላከያ ይሞላል። ለሌላው ፈረስ ሁለት መርፌ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ልዩነት፣ ከዓመት በኋላ ማጠናከሪያ፣ ከዚያም በየጊዜው ማደስ ይበቃል። ድንጉላ የሚኮላሽ ከሆነ ከቢላው በፊት መርፌው መቅደም አለበት። ያልተከተበ ፈረስ ሲወጋ ቁስሉን ከፍቶ ማጠብና ሴረም ማግኘት ያስፈልጋል፤ ሴረሙ ግን ውድ ነው፣ በቡሌ ጉብታ ላይም በምሽት አይገኝም።

ክትባቱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ነው፤ መቀዝቀዝ አለበት እንጂ በረዶ መሥራት የለበትም። ይህን ሰንሰለት መጠበቅ ለእንስሳት ጤና ኬላ ብቻውን ከባድ ነው። በቻድ ለዘላን አርብቶ አደሮች የሰውና የከብት ክትባት በአንድ ጉዞ እንዲሰጥ ተደርጎ ሁለቱም ወገን ተጠቅሟል። በጌዴኦ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚወጣው የበረዶ ሣጥን በገበያ ቀን የፈረሶችን ብልቃጥ አብሮ ቢይዝ ሸክሙ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ፈረሶቹም ለመሰብሰብ አያስቸግሩም፤ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ዲላ መግቢያ ላይ ጭነታቸውን አራግፈው ተሰልፈው ይቆማሉ።

ባለፈው ሰሞን ወደዚያ ግቢ ተመልሼ ነበር። ሽማግሌው አሁን አንዲት አምባላይ ባዝራ አላቸው፤ እንሰቱ ሥር ታስራ ትግጣለች፣ ጎኗ ሰፍቷል። የፈረስ እርግዝና አሥራ አንድ ወር ነው። ተከትባ ለማታውቅ ባዝራ ሁለቱ መርፌዎች ከመውለዷ በፊት እንዲጠናቀቁ የመጀመሪያው በዘጠነኛው ወር መሰጠት አለበት ስላቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ድንጉላውን ያገናኟት ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ቆጠራቸው ጥቅምት ላይ ደረሰና ቆመ።

«ጥቅምት ላይ መርፌው ይመጣል?» አሉኝ።